ጎንደር ነጻ የወጣችው ሚያዝያ 27 አይደለም

ለከተማችን አስተዳደር፣ ለባህልና ቱሪዝም እንዲሁም ለትምህርት ሥራ ኃላፊዎች፣ ለጎንደር ሕዝብም የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በዚህች ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር በየመድረኩ የሚነገረውና በየባነሩ የሚጻፈው ነገር ልጆቻችንን ካልሆነ ታሪክ ጋር እያለማመዳቸው ስለሆነ ነው። «እንኳን ለነጻነት በዓላችን አደረሳችሁ» የሚል ባነር ተሰቅሎ አይቻለሁ። በፌስቡክም በቴሌግራምም ኢትዮጵያ «ነጻነቷን ያገኘችበት ቀን» እየተባለ ይዞራል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችንም ለልጆቻቸው ሲያስረዱ በዚሁ ስም ይጠሩታል። በዓሉን የሚወድ ሰው ሁሉ በቅን ልቡ ነው የሚያደርገው፤ ይህን አልጠራጠርም።

ነገሩ የቆረቆረኝ ግን ከልጆች አፍ ስሰማው ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ያዘጋጀው የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ተገኝቼ ነበር። «ኢትዮጵያ ነጻነቷን ያገኘችው መቼ ነው?» የሚል ጥያቄ ቀረበ። አንዱ ቡድን 1888 አለ፣ ሌላው 1933። ዳኞቹ ሁለተኛውን ትክክል ብለው ነጥብ ሰጡ። ይሄኔ ከኋላ የተቀመጠች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ታዲያ ከዚያ በፊት የማን ነበርን?» ብላ ጠየቀች። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ መድረክ መሪውም ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ያቺ ልጅ መልስ ይገባታል፤ ይህ ደብዳቤም በከፊል ለእሷ ነው።

ጋና በ1949፣ ኬንያ በ1956 ነጻነታቸውን ሲያገኙ የቅኝ ገዥው ባንዲራ ወርዶ የእነሱ ተሰቅሏል፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ አዲስ መንግሥት በዓለም ፊት ቆሟል። የነጻነት በዓላቸው የልደት በዓል ነው። እኛ እንዲህ ያለ ቀን የለንም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዐድዋ ላይ የሆነው የነበረንን ማስከበር ነው። ጣሊያን በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በኩል ሊያስር የፈለገውን ገመድ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በጠሰው፤ በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ደግሞ ጣሊያን ራሱ ነጻ አገር መሆናችንን በፊርማው አረጋገጠ። ዐድዋን «የነጻነት ቀን» ማለት ከዚያ በፊት የነበሩትን የጎንደር ነገሥታት፣ አጤ ቴዎድሮስን፣ አጤ ዮሐንስን የሌላ ተገዥ ማድረግ ይሆናል። በዚህ ላይ ብዙ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ጎንደሬ ለሆነ ሰው የአጤ ፋሲል ግንብ ከዐድዋ 250 ዓመት ገደማ ቀድሞ መቆሙን ማየት ይበቃዋል።

ሚያዝያ 27 ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን ይዞ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ደግሞ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። የቀኑ መገጣጠም እንዲያው አልሆነም። ከተማዋ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ከወር በፊት፣ መጋቢት 28፣ ከደቡብ በመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ነው። ንጉሡ ጥር 12 ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው፣ በጎጃም በኩል አርበኞችን እያገኙ መጥተው ነበር፤ ባዶሊዮ በገባበት ቀን ሲገቡም ውርደቱ የተጻፈበት ዕለት በክብር ተተካ። ጥልቅ ትርጉም ያለው ምርጫ ነበር። ይሁን እንጂ ምርጫ መሆኑን ማወቅ አለብን። ለዚህም ነው ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ያዛወረው፤ ከደርግ በኋላ ደግሞ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ቀኑ የሚያስታውሰን የዋና ከተማዋን ትንሣኤ፣ የንጉሠ ነገሥቱን መመለስና የአርበኞችን ድል ነው። በዚያች ሰኞ አገሩ በሙሉ ነጻ ነበር ማለት ግን አይደለም።

ያን ዕለት አምባላጌ ላይ የጣሊያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን ገና እየተዋጋ ነበር፤ እጁን የሰጠው በግንቦት ነው። ጅማ የተለቀቀችው በሰኔ ነው። የኛ ከተማ ደግሞ በጄኔራል ጉሊየልሞ ናሲ እጅ ነበረች፤ ዙሪያዋን በምሽግ አጥራ፣ ክረምቱንም ጥቢውንም ተከባ አሳለፈች። አዲስ አበባ እልል ስትል ጎንደር ላይ የጣሊያን ባንዲራ ይውለበለብ ነበር። ከዚያም በኋላ 206 ቀን ተውለብልቧል።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አብዛኞቹ አያምኑኝም። አገር ያወቀው በዓል ላይ የራሳቸው ከተማ የለችበትም ማለት ይከብዳቸዋል። ከጎንደር አጠገብ ካለችው ከአዘዞ የመጣ አንድ ልጅ ብቻ ቅድመ አያቱ ሲናገሩ የሰማውን አነሳልኝ፦ አውሮፕላን አዘዞን የደበደበው ጤፍ ሲታጨድ ነው፣ ሰው ነዶውን ሜዳ ላይ ጥሎ ነው የሸሸው ይሉ ነበር አለ። በሚያዝያ ጤፍ አይታጨድም። እኚህ ቅድመ አያት መጽሐፍ ሳያነቡ ከበዓላችን ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነገር ይዘው ኖረዋል።

የሆነውን በአጭሩ ላስታውስ። በስታራቼ የሚመራው የጣሊያን ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928፣ አዲስ አበባ ከመያዟ ከወር በላይ ቀድሞ ነው። ስለዚህ የኛ የወረራ ዘመን ከአዲስ አበባው ቀድሞ ጀምሮ ዘግይቶ ያበቃ ነው፤ አምስት ዓመት የሚለው ቁጥር ለጎንደር ያጥራል። ጣሊያን «አማራ» ብሎ ለሰየመው ግዛት ጎንደርን ዋና ከተማ አደረጋት። ዛሬ ፒያሳ ላይ ደብዳቤ የምንልክበት ፖስታ ቤት፣ አውቶ ፓርኮ የምንለው ሰፈር ስም፣ መሐል ከተማው ላይ የተደረደሩት ቢጫ ሕንፃዎች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። ገጠሩ ግን አልተያዘም። በአርማጭሆ አሞራው ውብነህ፣ በወልቃይትና ጠገዴ በኩል ቢትወደድ አዳነ መኮንን ጦር ይዘው ዱር ቤቴ ብለዋል። ከነሱ ጋር ስማቸው የትም ያልተጻፈ ገበሬዎች፣ ስንቅ አቀባይ ሴቶች፣ መልእክት አድራሽ ልጆች ነበሩ።

የመጨረሻው ዘመቻ ሲመጣ ሦስት በሮች መከፈት ነበረባቸው። ከደባርቅ አጠገብ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ያለው የወልቀፊት ምሽግ ወራት ሙሉ ተከቦ በመስከረም 1934 እጁን ሰጠ። ቁልቋል በር ከሁሉም የከበደው ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ መኪናው ጠመዝማዛውን ሲይዝ መንገደኛው ብዙ ጊዜ እንቅልፉን ይተኛል እንጂ ቀና ብሎ አያይም። ነሐሴ ላይ የጀመረው ከበባ በኅዳር መጀመሪያ ጥቃት ተሞክሮበት ከሸፈ፤ በመጨረሻ ዓርብ ኅዳር 12፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ምሽጉ ተሰበረ። ካጠቁት መሐል ኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም እዚያው ቀሩ። ከዚያ በኋላ የቀረው አዘዞና ከተማዋ ነበሩ። ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን 1934 ከማለዳ ጀምሮ ጥቃቱ ከየአቅጣጫው ተከፈተ፤ የኬንያ ብረት ለበስ መኪኖች ወደ ከተማዋ ዘለቁ፤ ሳይመሽ ጄኔራል ናሲ ከ20 ሺህ የማያንስ ጦሩን ይዞ እጁን ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ ትልቁ የመጨረሻ የጣሊያን ምሽግ የወደቀው እዚህ ነው። የኢትዮጵያ ጦርነት ያበቃው በኛ ከተማ ነው።

ይህን የሚናገር አንድ በዓል የለንም። ኅዳር 18 ተራ የሥራ ቀን ሆኖ ያልፋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ማስረጃው በየቀኑ ፊታችን መቆሙ ነው። በፋሲል ግቢ ውስጥ ያለው የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ውስጡ ባዶ፣ ጣሪያው የተነሣ ነው። አስጎብኚዎቻችን በ1696 አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ እንደጎዳውና በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ ቦምብ እንዳባሰበት ይናገራሉ፤ እንግዳው ፎቶ አንሥቶ ያልፋል። ጣሊያን ግቢውን ለጦሩ ይጠቀምበት ስለነበር ነው የተደበደበው። ይኸውላችሁ፣ የነጻነታችን ዋጋ በድንጋይ ላይ ታትሞ ቆሟል። ግድግዳው ሥር ቆሞ ሰማዩን የሚያይ ልጅ «ይህ የሆነው በኛ ነጻ መውጫ ወራት ነው» የሚለው ሰው የለም። ነጻ የወጣነው ሚያዝያ 27 ነው ብለን ካስተማርነው የኅዳሩን ቦምብ ከምን ጋር ያገናኘዋል?

ሌላው ብዙ የሚያከራክረን ነጥብ ነጻ ያወጣን ማን ነው የሚለው ነው። በየቡና ቤቱ ሁለት ወገን እሰማለሁ። አንደኛው «እንግሊዝ ባይመጣ አንወጣም ነበር» ይላል፤ ሌላው «የማንም እርዳታ አላስፈለገንም» ይላል። ሁለቱም የቁልቋል በርን ሙታን ይበድላሉ። አርበኛው ዓመታት ሙሉ መንገድ ባይቆርጥ፣ ገጠሩን ባይነሳው ኖሮ ጣሊያን ጉልበቱን ሁሉ ለድንበሩ ያውል ነበር። መድፍ፣ አውሮፕላንና ብረት ለበስ ይዞ የመጣው ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ነው፤ ምሽጉን የሰበረው እሱ ጭምር ነው።

ያ «የእንግሊዝ ጦር» ማን እንደነበር ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? በጄኔራል ፎውክስ የሚመራው 12ኛው የአፍሪካ ክፍለ ጦር ነበር። አብዛኛው ወታደር ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከኒያሳላንድ የመጣ ጥቁር አፍሪካዊ ነው። ቁልቋል በር ላይ ወጥተው፣ አዘዞ ላይ ደምተው፣ ጎንደርን ከፋሽስት አስለቅቀው ወደ አገራቸው ሲመለሱ የጠበቃቸው ቅኝ ገዥ ነው። የታንጋኒካ ሰው 1954ን፣ የኡጋንዳው 1955ን፣ የኬንያውና ማላዊ የተባለችው የኒያሳላንድ ሰው 1956ን መጠበቅ ነበረባቸው። ለሌላው ያወጡትን ነጻነት ለራሳቸው ከ20 ዓመት በላይ ጠብቀዋል። በጎንደር አደባባይ ስለ እነዚህ ሰዎች አንድ ቃል ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ስለ አፍሪካ ወንድማማችነት በየመድረኩ ስናወራ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ እንፈልጋለን? የኬንያ ልጆች በታኅሣሥ ነጻነታቸውን ሲያከብሩ አያቶቻቸው ጎንደርን ነጻ ማውጣታቸውን እንደማያውቁ እገምታለሁ። እኛ ሳንነግራቸው ማን ይንገራቸው!

ደግሞም ጣሊያን ወጣ ማለት ሁሉም አለቀ ማለት አልነበረም። እንግሊዞች አገሩን ከጠላት እንደተያዘ ምድር ቆጥረው አስተዳደር ዘርግተው ነበር። ሉዓላዊነታችንን በውል ያወቁት ጥር 23 ቀን 1934፣ ጎንደር ነጻ ከወጣች ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያም ውል ጎደሎ ስለነበር በታኅሣሥ 1937 በሌላ ተተካ። ኦጋዴን ሙሉ በሙሉ እስኪመለስም ሌላ 10 ዓመት አለፈ። እንግዲህ «የነጻነት ቀናችን» የሚለውን አንድ ቀን ላይ ልንቸነክር ብንል የትኛውን እንይዛለን?

እንደ መምህር አንድ ከባድ ነገርም ልናገር። «እኛ ቅኝ አልተገዛንም» የሚለው ኩራታችን እውነት ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን ይህን ስንል እነዚያን ዓመታት እንዳልነበሩ እያደረግናቸው ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ላይ በፋሽስቶች የታረዱት፣ ደብረ ሊባኖስ ላይ የተረሸኑት መነኮሳት፣ በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉት በወረራ ውስጥ የኖሩና የሞቱ ሰዎች ናቸው። በኛም አካባቢ ለጣሊያን ያደረ ባንዳ ነበር፤ የናሲ ጦር ግማሽ ያህሉ አፍሪካዊ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ የገዛ ወገናችን ነበረበት። ከድሉ በኋላም ሁሉም ጀግና እንደሚገባው አልተከበረም። ጎጃምን ያስከበረው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ድሉ በተገኘ በአራተኛው ዓመት፣ በ1937፣ አዲስ አበባ ላይ ተሰቅሏል። ልጆቻችን ይህን ሁሉ ከነምሬቱ ቢያውቁ አገራቸውን አይጠሉም። የሚጎዳቸው ፉከራው ብቻ ተሰጥቷቸው፣ አድገው ሌላውን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሙት ነው።

ጎንደር የራሷን ቀን ትያዝ ማለት ከአገር መነጠል ነው የሚል ሐሳብ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከሥራ ባልደረቦቼም ሰምቼዋለሁ። ስጋቱን አልንቀውም፤ በዚህ ዘመን ታሪክ ለመለያያ ሲውል እያየን ነው። የምጠይቀው ግን ሌላ ነው። ሚያዝያ 27 የሁላችን የድል በዓል ነው፤ ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻ አንግበው ለሚወጡት የአርበኛ ልጆችና የልጅ ልጆች እልል እላለሁ። ኅዳር 18 ለዚያ በዓል መደምደሚያው ነው። አዲስ አበባ የጀመረችውን ጎንደር ጨረሰችው ማለት አገርን ያያይዛል እንጂ አይለያይም።

ስለዚህ ክቡራን፣ በመጀመሪያ ሚያዝያ 27ን «ነጻነታችንን ያገኘንበት» ብሎ መጻፍ ይቅር። የአርበኞች ድል በዓል ይባል፤ ከከተማው ገንዘብ በሚሠራ ባነር ላይ ስሙ ተስተካክሎ ይውጣ። ይህ ወጪም የለውም።

ኅዳር 18 ደግሞ በከተማችን ይታሰብ። ሥራ ይዘጋ አላልኩም። ጠዋት በየትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አሥር ደቂቃ ስለ ቁልቋል በርና ስለ አዘዞ ይነገር፤ በዚያው ሳምንት የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ቦታውን በእግራቸው ይርገጡት። ለአውቶቡስ ኪራይ ወላጆችም ነጋዴዎችም እንደሚያግዙ አምናለሁ።

በኢያሱ ግንብ አጠገብ፣ በቁልቋል በር መንገድ ዳርና በአዘዞ ምን እንደተፈጸመ የሚናገር ጽሑፍ በአማርኛ ይቁም። ጽሑፉ የአርበኞቹንም የአፍሪካውያኑንም ወታደሮች ድርሻ ይያዝ። ለቁልቋል በሩ ከአካባቢው ወረዳ ጋር መነጋገር ስለሚያስፈልግ ደብዳቤው ከእናንተ ቢወጣ ይቀላል።

የመጨረሻው ከሁሉ የሚቸኩለው ነው። ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች አልቀው ሊያልቁ ነው። ከነሱ የሰሙት ልጆቻቸው ግን አሉ፤ እነሱም እያረጁ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ፣ በየዕድሩ የሚነገረውን፣ በየቤቱ ሣጥን የተቀመጠውን ፎቶና ወረቀት የሚሰበስብ አንድ ኮሚቴ ይቋቋም። ተማሪዎቼ ስልካቸው ላይ ድምፅ መቅዳት ይችላሉ፤ ጥያቄውን አዘጋጅቼ፣ የቀዱትንም ጽፌ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። ለዚህ ክፍያ አልጠይቅም። የምጠይቀው ልጆቹ በየቤቱ ሲሄዱ የሚያሳዩት፣ ማኅተም ያለበት አንድ የትብብር ደብዳቤ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቢደርሰን በእረፍታቸው ጊዜ ሥራውን ጀምረን፣ በመጪው ኅዳር የመጀመሪያውን ለሕዝብ ማሰማት እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የታሪክ መምህር
ጎንደር፣ ሚያዝያ